ቴክኒሻኑ ሲመጣ የሚጠፋው ጩኸት

ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስልክ መስመር በኩል ይሰጥ የነበረውን የዳያል አፕ ኢንተርኔት አገልግሎት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ዘጋ። ዜናውን ያየው አብዛኛው ሰው «እስካሁን ነበረ እንዴ?» ብሎ አለፈው። ትዝታ ያለባቸው ደግሞ ሞደሙ ሲደውል ያሰማ የነበረውን ፉጨት በማኅበራዊ ሚዲያ ተቀባበሉት። ያ ፉጨት ግን የጤና ድምፅ ነበር፤ ሁለት ማሽኖች «ምን ያህል ፍጥነት እንቻቻላለን?» እየተባባሉ ነው። ሰውን ያናደደው፣ ገንዘብ ያስወጣው፣ በደንበኛና በስልክ ድርጅት መካከል ለዓመታት ክርክር ያስነሳው ሌላኛው ድምፅ ነው፦ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋው የመስመር ረብሻ።

የሞደም ታሪክ ሲጻፍ ሁልጊዜ የፍጥነት ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። በ1962 በሰከንድ 300 ቢት፣ በ1998 56 ኪሎ ቢት፣ ከዚያ ብሮድባንድ መጣ፣ አለቀ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህ አተራረክ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይዘላል፦ መስመሩ ሲበላሽ ጥፋቱ የማን ነው? ብልሽቱ ከደንበኛው ቤት ነው ከድርጅቱ ምሰሶ? ማስረጃውስ በማን እጅ ነው? በመብራት፣ በውሃና በኔትወርክ ጉዳይ ዛሬም የሚነሳው ክርክር በስልክ ሽቦ ላይ አስቀድሞ ተካሂዷል።

የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው። የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድግግሞሽ ብቻ ነው፤ ለወሬ ይበቃል። ጆሮ ደግሞ ይቅር ባይ ነው። መሀል ላይ «ቋ» ቢል፣ አንድ ቃል ቢዋጥ፣ ሰሚው ከአረፍተ ነገሩ ስሜት ተነስቶ ይሞላዋል፤ ካልሆነም «ምን አልክ?» ይላል። ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። በሰከንድ 2,400 ቢት በሚልክ ሞደም ላይ የሰከንድ አንድ አስረኛ የፈጀች ጩኸት 240 ቢት ታበላሻለች፣ ሃያ አራት ያህል የላቲን ፊደል ማለት ነው። በድሮዎቹ ሞደሞች ዘመን ይህ በዓይን ይታይ ነበር። ደብዳቤ እየተነበበ ሳለ በመሀሉ ቅንፍና የዘፈቀደ ምልክት ይረጭበታል። ያኔ ሰው ረብሻውን በጆሮው ሳይሰማ እስክሪኑ ላይ ያየው ነበር።

የመጀመሪያው የረብሻ ምንጭ ሽቦው ሳይሆን ሕጉ መሆኑ ነገሩን ልዩ ያደርገዋል። በአሜሪካ የስልኩን ሥርዓት በብቸኝነት የያዘው ኤቲ ኤንድ ቲ ደንበኛው የራሱን ዕቃ ከመስመሩ ጋር እንዲያገናኝ አይፈቅድም ነበር። ምክንያቱ «ባዕድ መሣሪያ ኔትወርኩን ይጎዳል» የሚል ነው። ድርጅቱ ሐሽ አ ፎን የተባለ፣ ሰው ሲያወራ ሌላው እንዳይሰማው የስልኩ አፍ ላይ የሚገጠም ኩባያ መሰል ፕላስቲክ እንኳ ተቃውሞ ፍርድ ቤት ቆሟል፤ በ1956 ተረታ። ስለዚህ የቀደሙት ሞደሞች ሽቦውን ሳይነኩ መሥራት ነበረባቸው። መፍትሔው ሁለት የጎማ ኩባያ ያለው ሣጥን ሆነ። የስልኩ እጀታ ኩባያዎቹ ላይ ይጋደማል፤ ሞደሙ በአንዱ ይዘምራል፣ በሌላው ያዳምጣል።

ውጤቱን መገመት አያዳግትም። በር ሲዘጋ፣ ሰው ሲያስል፣ ጠረጴዛው ሲነካ ድምፁ ከመልእክቱ ጋር ተቀላቅሎ ፊደል ሆኖ ይወጣል። ደንበኛው ጎማውን ይጫናል፣ ክፍሉን ጸጥ ያሰኛል፣ አንዳንዱም ሣጥኑን በብርድ ልብስ ይሸፍናል። ኔትወርኩን ከረብሻ ለመጠበቅ ተብሎ የወጣ ደንብ ረብሻን ወደ እያንዳንዱ መልእክት አስገባ ማለት ነው።

ይህን የለወጠው ቶማስ ካርተር የተባለ የቴክሳስ ሰው ነው። ካርተርፎን የተባለው መሣሪያው በመስክ ያሉ የነዳጅ ሠራተኞችን የሬዲዮ ግንኙነት ከስልክ መስመር ጋር ያገናኝ ነበር። ኤቲ ኤንድ ቲ ሊያስቆመው ሞከረ፤ ካርተር ከሰሰ፤ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1968 ለካርተር ፈረደ። ድርጅቱ ወዲያው አልተረታም፤ የውጭ መሣሪያ ሁሉ በእኔ በኩል በሚከራይ መከላከያ ሣጥን ብቻ ይገናኝ ብሎ ቆየ። መሣሪያዎች ተፈትነው እየተመዘገቡ በቀጥታ እንዲሰኩ የሚፈቅደው ደንብ የጸደቀው በ1970ዎቹ ውስጥ ነው። ዴኒስ ሄይስ በ1981 ስማርት ሞደም የተባለውን፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ የሚሰካውንና ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚቀበለውን መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው በዚህ በተከፈተ በር ገብቶ ነው።

ነገር ግን በሩ ሲከፈት ኃላፊነትም ተከፈለ። ቀድሞ ከማዞሪያ ጣቢያው አንስቶ ሳሎን እስካለው ስልክ ድረስ ያለው ሁሉ የድርጅቱ ነበር፤ ብልሽቱም እንደዚያው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን በቤቱ ውጭ ግድግዳ ላይ ትንሽ ሣጥን ተተከለች። ከሣጥኗ ወዲያ ያለው ሽቦ የድርጅቱ፣ ከሣጥኗ ወዲህ ያለው የደንበኛው። ቴክኒሻን ተጠርቶ ጥፋቱ ከውስጥ ሆኖ ከተገኘ ደንበኛው የመጡበትን ይከፍላል። ድርጅቶቹም በዚህ ፍርሃት ላይ ወርኃዊ «የውስጥ ሽቦ ጥገና» ክፍያ መሸጥ ጀመሩ፤ ሽቦው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳቸው የዘረጉት ነው።

ሣጥኗ ግን አንድ በጎ ነገር ነበራት። ተከፍታ ስትታይ ውስጧ መፈተኛ መሰኪያ አለ። እሱ ሲነቀል የቤቱ ሽቦ በሙሉ ከመስመሩ ይለያል። ሞደሙን እዚያ ወስዶ መሰካት፣ ደውሎ ማየት፤ ረብሻው ከጠፋ ጥፋቱ ከቤት ነው፣ ካልጠፋ የድርጅቱ ነው። በእንግሊዝ ቤቶችም ዋናው የስልክ ሶኬት የታችኛው ክዳኑ ሁለት ብሎን ተፈትቶ ሲነሳ ከኋላው ተመሳሳይ መፈተኛ ይገኛል። አንድ ተራ ደንበኛ ያለ መሐንዲስና ያለ ጠበቃ ወሰኑን ራሱ የሚፈትንበት መንገድ ተሰጠው።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ በዚያ ዘመን የሞደም ሰዎች ያዳበሩት የፍተሻ ሥርዓት ከብዙ መሥሪያ ቤት ምርመራ የተሻለ ነበር። በመጀመሪያ ይደመጣል። እጀታው ተነስቶ አንድ ቁጥር ሲጫኑ የመደወያው ድምፅ ይቋረጣል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ መስመሩ ራሱ ይናገራል። «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ካለ ከኤሌክትሪክ መስመር የተጋባ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ወደ መሬት ሲያፈስ ወይም ሚዛናቸው ሲዛባ ይመጣል። እንደሚጠበስ ቆሎ የሚንጣጣ ከሆነ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ አለ። የሌላ ሰው ወሬ ከሩቅ ከተሰማ አጎራባች ሽቦዎች ተነካክተዋል። ቀጥሎ ሌላው ዕቃ ሁሉ ይነቀላል፦ ፋክሱ፣ መልስ ተቀባዩ፣ የመኝታ ቤቱ ስልክ። ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳል። ከዚያ ገመዱ ይለወጣል። በስልክ ዕቃ ሣጥን ውስጥ የሚመጣው ጠፍጣፋ ረጅም ገመድ ሽቦዎቹ ስላልተጠማዘዙ ረብሻ ይሰበስባል። ከዚያ ወደ ሣጥኗ ይወጣል።

አንዳንዴ ምክንያቱ ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። ሌላ ሰው እየደወለ መሆኑን የሚያሳውቀው አገልግሎት በመሀል «ጢጥ» ሲል ሞደሙ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል። ወይም እናት ሳታውቅ ኩሽና ያለውን ስልክ ታነሳለች። በዚያ ዘመን ስንት የቤተሰብ ጭቅጭቅ ከዚህ እንደተነሳ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ግን ከሣጥኗ ወዲያ ሆኖ የማይያዘው ነው። የመዳብ ሽቦ ከቤት እስከ ማዞሪያ ጣቢያ ድረስ አንድ ወጥ አይደለም፤ በየምሰሶውና በየጉድጓዱ ተቀጣጥሎ የሚሄድ ነው። የቆዩት ገመዶች ውስጥ እያንዳንዱ ሽቦ የተጠቀለለው በወረቀት ነበር። ወረቀት ሲደርቅ ጥሩ ነው፣ ሲርስ ግን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ስለዚህ ድርጅቶቹ ከጣቢያው ደረቅ አየር እየነፉ ገመዱን ከውስጥ ያሳብጡት ነበር፤ ሽፋኑ ቢሰነጠቅ አየር ይወጣል እንጂ ውሃ እንዳይገባ። አየር መንፋት ወጪ ነው፤ ስንጥቅ መድፈን ወጪ ነው። ወጪው ሲቆጠብ ለማንም አይታይም፣ እስኪዘንብ ድረስ።

ዝናብ ሲመጣ መስመሩ ይንጣጣል። ደንበኛው ያመለክታል። ቴክኒሻኑ ከሁለት ቀን በኋላ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል፤ ገመዱ ደርቋል፤ መሣሪያው ንጹሕ መስመር ያሳያል። በጥገና መዝገብ ላይ «ችግር አልተገኘም» የሚል ራሱን የቻለ መዝጊያ ነበር። ቃሉ ልብ ይባል፦ ችግር የለም አይልም፣ አልተገኘም ነው የሚለው። ማመልከቻው ግን በሁለቱም መንገድ ይዘጋል።

ከዚህ የባሰም አለ። በዛገ መጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ስስ የዝገት ሽፋን በዝቅተኛ ጉልበት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ጠንከር ያለ ቮልት ሲመጣበት ግን ይበሳል። መስመሩ ያለ ሥራ ሲቀመጥ የሚሸከመው 48 ቮልት አካባቢ ነው፤ ስልክ ሲጠራ ግን 90 ቮልት ገደማ ይላካል። ስለዚህ ድርጅቱ «እስቲ እንፈትሽ» ብሎ ወደ ቤቱ ሲደውል፣ ያው ጥሪ መጋጠሚያውን ለጊዜው ያድነዋል። ደንበኛው ስልኩን ሲያነሳ መስመሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ይኸው ምንም የለበትም» ይባላል። ከሰዓታት በኋላ ረብሻው ይመለሳል። ደንበኛው አልዋሸም፣ ፈታሹም አልዋሸም፤ ፍተሻው ራሱ ማስረጃውን አጠፋ።

የማይያዝ ረብሻ በደጃፍ ብቻ ሳይሆን በምርምር ቤትም ራስ አዙሯል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አይቢኤም ኮምፒውተሮችን በስልክ መስመር ሊያነጋግር ሲሞክር መሐንዲሶቹ መረጃ በሚያጠፋ ጩኸት ተቸገሩ። የተለመደው መድኃኒት ሲግናሉን ማጉላት ነው፤ ጩኸቱ በላዩ እንዳይሰማ። አልሆነም። ብልሽቶቹ እንደ ጠብታ ተራርቀው አይመጡም፤ እንደ ዶፍ ተሰብስበው መጥተው ከዚያ ረጅም ጸጥታ ይሆናል። በፖላንድ ተወልዶ በፈረንሳይ ያደገው የሒሳብ ሊቅ ቤኑዋ ማንደልብሮ፣ ከባልደረባው ጄይ በርገር ጋር በ1963 ባሳተመው ጥናት የዶፉን ቅርጽ አሳየ። ብልሽት የበዛበትን ሰዓት ወስዶ ለደቂቃዎች ቢከፍሉት ከደቂቃዎቹ ብዙዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ብልሽት ያለባትን ደቂቃ ለሰከንዶች ቢከፍሏት እንደገና አብዛኛው ሰከንድ ንጹሕ ነው። ከላይም ከታችም ሲታይ ያው ቅርጽ። ይህ ሰው ኋላ በ1975 ፍራክታል የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው ነው።

ተግባራዊ ትርጉሙ ከባድ ነበር። እንዲህ ባለ መስመር ላይ «አማካይ የብልሽት መጠን» የሚባለው ቁጥር ብዙ አይነግርም። ድርጅት «መስመራችን በወር ይህን ያህል በመቶ ንጹሕ ነው» ሲል ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ደንበኛውም በዶፉ ሰዓት ሥራውን ያጣ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሲግናልን ማጉላትም አያዋጣም፤ ብልሽቱ እንደሚመጣ አምኖ ተቀብሎ፣ ሲመጣ የሚይዝና የሚያርም ዘዴ መሥራት ነው የሚሻለው።

የማረሙ ሐሳብ ከዚያ ቀድሞ በቤል ላቦራቶሪ ተወልዷል። ሪቻርድ ሐሚንግ በ1940ዎቹ መጨረሻ ቅዳሜና እሁድ ማሽን ላይ ሥራውን ጥሎ ይሄድ ነበር፤ ማሽኑ ስሕተት ሲያገኝ ሥራውን ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ ሰኞ ሲመለስ ባዶ። ስሕተት መኖሩን ማወቅ ከቻለ የት እንዳለ አውቆ ለምን አያርምም ከሚል ብስጭት ተነስቶ በ1950 ስሕተት አራሚ ኮዱን አሳተመ። ወደ ቤት ኮምፒውተር ሐሳቡ የመጣው በቀላል መልክ ነው። ዋርድ ክሪስተንሰን በ1977 የጻፈው ኤክስ ሞደም ፋይሉን በ128 ባይት ይቆርሳል፣ የእያንዳንዱን ቁራሽ ድምር አብሮ ይልካል፤ ድምሩ ካልገጠመ ተቀባዩ «ድገም» ይላል። ቹክ ፎርስበርግ በ1986 የሠራው ዚ ሞደም ደግሞ መስመሩ ጨርሶ ቢቋረጥ እንኳ በሚቀጥለው ጥሪ ካቆመበት ይቀጥል ነበር። በ1988 ደግሞ ማረሙ ቪ.42 በሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ሞደሙ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ለውጥ መጣ። ቀድሞ ረብሻ እስክሪን ላይ ይታይ ነበር። አሁን ሞደሙ በዝምታ ያርመዋል፤ እስክሪኑ ንጹሕ ነው፣ ግን ይዘገያል። የተበላሸው ቁራሽ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አምስቴ ይላካል። ረብሻው አልጠፋም፤ ወደ ጊዜ ተለወጠ። ጊዜውን ማን ይከፍላል? በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሠፈር ጥሪ በወር ቁርጥ ክፍያ ስለነበር ጉዳቱ መሰልቸት ብቻ ነው። ጥሪ በደቂቃ በሚቆጠርባቸው የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮች ግን ድርጅቱ ያልጠገነው መጋጠሚያ ለድርጅቱ ገቢ ሆነ፤ ደንበኛው ለሚደገመው ሁሉ ይከፍላል።

ድርጅቶቹ ሌላም መከላከያ ነበራቸው፦ «እኛ የምንሸጠው ለድምፅ የሚሆን መስመር ነው፤ ወሬው ከተሰማ ውላችንን አሟልተናል።» ሲጠቀሙበት የኖሩ ሰዎች ስለዚህ እርስ በርስ አንድ ምክር ይሰጣጡ ነበር፤ ስታመለክት ሞደም የሚለውን ቃል አትጥራ፣ ስልክ ሳወራ ይጮህብኛል በል። ብልሃት ነው። ግን ደንበኛ መብቱን ለማግኘት ችግሩን በሌላ ስም መጥራት ሲኖርበት ውሉ ራሱ የተጣመመ ነው።

ሞደሞቹ ግን ለደንበኛው አንድ መሣሪያ አቀበሉት። እንደ ዩኤስ ሮቦቲክስ ያሉት፣ ጥሪው ካለቀ በኋላ በአንዲት አጭር ትእዛዝ ሲጠየቁ ስንት ቁራሽ እንደተበላሸ፣ ስንት ጊዜ እንደገና መስማማት እንዳስፈለገ፣ በምን ምክንያት እንደተቋረጠ ይዘረዝራሉ። ይህን ከሰዓትና ከአየር ሁኔታ ጋር በደብተር የመዘገበ ሰው፣ «ሐሙስ ከሰዓት ዘነበ፣ ከዚያ ጀምሮ ሃያ ጊዜ» ማለት ይችላል። የማይያዘውን ረብሻ የሚይዘው አንድ ቀን የሚመጣ ቴክኒሻን ሳይሆን በየቀኑ የሚጻፍ ደብተር ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ታሪኩ ከኢንተርኔት ይቀድማል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊዶኔት ዘዴ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ፊዶኔት ቶም ጄኒንግስ በ1984 በሳን ፍራንሲስኮ የጀመረው ነው። ቀጥታ ግንኙነት አይፈልግም፤ ደብዳቤዎች ቀን ይጠራቀማሉ፣ አንዱ ኮምፒውተር ለሌላው ይደውላል፣ በጥቂት ደቂቃ ተለዋውጠው ይዘጋሉ። ቢቋረጥ ይደገማል። ለፈጣን መስመር የተሠራው ዘዴ በሚወድቅበት ቦታ ይኸኛው ቆሞ ይሠራ ነበር፤ ለአፍሪካ የተመረጠውም ርካሽ በመሆኑና መጥፎ መስመር በመቻሉ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን በ1997 ኢንተርኔት ሲጀምር ደንበኛው ከመጠበቅና ከመድገም ዓለም ወጥቶ ቀጥታ ወደ መዳቡ ጠባይ ገባ። ክረምት ሲገባ የቤት ስልክ መንጣጣቱን ያስተዋለ ሁሉ የሚቀጥለውን ያውቀዋል።

መጥፎ መስመርን እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ሁኔታ የተቀበለ አንድ ሞደምም ነበር። መረጃን በጥቅል የመላክን ሐሳብ ካፈለቁት አንዱ የሆነው ፖል ባራን በመሠረተው በቴሌቢት ኩባንያ የተሠራው ትሬይል ብሌዘር በ1985 ወጣ። ሌሎቹ በአንድ ወፍራም ድምፅ ሲዘምሩ እሱ መስመሩን እስከ 512 ቀጫጭን ድምፆች ከፈለው። የትኛው ድግግሞሽ ላይ ረብሻ እንዳለ ይፈትሻል፣ ያንን ይተወዋል፣ በቀረው ይልካል። መስመሩ ሲከፋ አይወድቅም፤ ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። ዋጋው የማይቀመስ ስለነበር ቤት አልገባም፤ ያው መስመርን ወደ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች የመክፈል ዘዴ ግን በኤዲኤስኤል፣ ኋላም በዋይፋይና በ4ጂ ዋነኛው መንገድ ሆኗል።

በእንግሊዝ የድሮው የስልክ ኔትወርክ በጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ይዘጋል ተብሎ ቀጠሮ ተይዟል። ከመዳቡ ጋር የዛጉት መጋጠሚያዎች፣ የወረቀት ገመዶችና 90 ቮልቱ አብረው ይሄዳሉ። ክዳኑ ሲነሳ ከኋላው የሚገኘው መፈተኛ ሶኬትም እንዲሁ። የ4ጂ ደንበኛ እስክሪኑ ላይ አራት መስመር ሲግናል እያየ ገጹ ሳይከፈትለት ሲቀር፣ ጥፋቱ ከሣጥኗ ወዲህ ይሁን ወዲያ ራሱ ፈትቶ የሚያይበት ብሎን የለውም።